ሙሴ ኢልግና ያልተከፈተው የሙያ ትምህርት ቤት

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ሰሚት በሚባለው ሰፈር፣ ከጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሥር ውኃ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ማየት የተለመደ ነው። ከፓምፑ አጠገብ ግድግዳ ላይ አንዲት የብረት ሣጥን ተሰቅላለች። በውስጧ ብሬከር፣ ኮንታክተርና ኦቨርሎድ ተደርድረዋል፤ በማጠራቀሚያው ውስጥ የሚንሳፈፈው ማብሪያ ውኃው ሲጎድል ሞተሩን ያስነሣል፣ ሲሞላ ያቆመዋል። ከሦስቱ ፌዞች አንዱ የተቋረጠ እንደሆነ ሞተሩ እያጓራ በቀሩት ሁለት መስመሮች ከመጠን በላይ ይስባል። ኦቨርሎዱ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ ተስተካክሎ ከሆነ ወዲያው ያጠፋዋል። ደጋግሞ እያጠፋ አስቸገረ ተብሎ አንድ ያልሠለጠነ እጅ በካቻቢቴ መጠኑን ከፍ አድርጎት ከሆነ ግን የሞተሩ ጥቅል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነድዳል፤ ነዋሪውም ጀሪካን ይዞ ደረጃ ይወጣል። ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ ባሕር ማዶ ነው፤ ዕድሜውን የሚወስነው ግን እዚያው ሰፈር ያለው ሠራተኛ ነው።

መሣሪያው ከውጭ ሲመጣ የሚጠብቀው እጅ ከወዴት ይገኛል የሚለው ጥያቄ በኤሌክትሪክ ዘመን የተወለደ አይደለም። ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ምኒልክ ግቢ በቧንቧ ውኃ ያስገባው የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ኖሮ አልፏል። ስለ እርሱ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ስለ ባቡር ስምምነቱና ስለ መንግሥት አማካሪነቱ ነው። ከሁለቱ ጀርባ ያለውን የብረት ሠራተኛ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ለሙያ ሰዎች ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ይኸኛው ኢልግ ሳይሆን አይቀርም።

አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1854 በሰሜን ምሥራቅ ስዊስ በምትገኘው በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ የቁልፍና የብረት ሥራ ተለማማጅ ሆነ። በጀርመንኛ ተናጋሪው አገር ተለማማጅነት እንዲያው ሲሠሩ ቆሞ ማየት አልነበረም። ልጁ በባለሙያ እጅ በውል ይሰጣል፤ በሞርሳ የተያዘውን ብረት በሞረድ ቀጥ አድርጎ ማለስለስን እስኪችል ድረስ ከዚያ የሚበልጥ ሥራ አያገኝም፤ የተወሰኑ ዓመታት ካገለገለ በኋላ በባለሙያዎች ፊት ሥራውን አቅርቦ ይመሰከርለታል። ኢልግ በዚህ መንገድ ካለፈ በኋላ ወደ ትምህርቱ ተመልሶ በዙሪክ በሚገኘው የፌዴራል ፖሊቴክኒክ፣ ኋላ አልበርት አይንሽታይን በተማረበት ተቋም፣ የመኪና ምሕንድስና ተማረ። አስቀድሞ እጁ ሠለጠነ፤ ሒሳቡና ሥዕሉ ከኋላ መጣ። ይህ ቅደም ተከተል በኢትዮጵያ እንደምን እንደረዳው ከዚህ በታች ይታያል።

በዚያው ዘመን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከአውሮፓ የእጅ ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። ፍላጎታቸው ከአንድ ቀን ምኞት የመነጨ አልነበረም። ልጅነታቸውን በመቅደላ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያሳለፉ ናቸውና ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያደረጉትን ሳያውቁ አልቀሩም። በጋፋት የሰፈሩት የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሚሲዮናውያን ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሙያ እንዲያስተምሩ፣ ይበልጡንም መድፍ እንዲያቀልጡ ታዘው ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ ከዚያ ወጣ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ሥራ ቤቱም በዚያው ተፈታ። መድፉ በተራራው ላይ ቀረ፤ ሌላ መድፍ የሚያቀልጥ እጅ ግን አልቀረም። የቴዎድሮስን ታሪክ በመድፉ ብቻ የሚለካ ሰው ይህን የመጨረሻውን ነገር ይዘነጋዋል።

ምኒልክ ጥያቄያቸውን ያቀረቡት በኤደን በሚነግዱ ስዊሶች በኩል ነበር። የሃያ አራት ዓመቱ ኢልግ ጥሪውን ተቀብሎ አፔንጸለርና ሲመርማን ከሚባሉ ሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1878 ከአገሩ ተነሣ። ሦስቱ በባሕር ዳርቻ ብዙ ከቆዩ በኋላ በረሃውን በግመል አቋርጠው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ደረሱ። ከሦስቱ ሁለቱ የእጅ ባለሙያዎች፣ አንዱ መሐንዲስ መሆኑ መልካም ድልድል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ለአንድ ሥራ ብዙ መሐንዲስ ተገኝቶ ሥዕሉን በብረት የሚተረጉም ሠራተኛ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

የመጀመሪያው ፈተና ጫማ ነበር። እንደሚተረከው ንጉሡ የሠለጠነውን መሐንዲስ አንድ ጥንድ ጫማ እንዲሠራላቸው አዘዙት። ኢልግ ጫማ ሰፊ አልነበረም፤ ሆኖም ሙያዬ አይደለም ብሎ አልተመለሰም፤ ሠርቶ አቀረበ። ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ። የተሻለ ጠመንጃ በአነስተኛ ዋጋ ከአውሮፓ መግዛት እንደሚቻል ለማስረዳት ሞከረ፤ ንጉሡ ግን እዚሁ ተሠርቶ ማየት ፈለጉ። ኢልግ በነበረው መሣሪያ እየታገለ ጠመንጃውንም አወጣ። ይህን ወግ ብዙዎች እንደ ማሳቂያ ይተርኩታል፤ ምኒልክ መሐንዲስና ጫማ ሰፊ የሚለዩ አልነበሩም ለማለት። ነገሩን በሌላ ዐይን ማየት ይቻላል። የዙሪክ ፖሊቴክኒክ የምስክር ወረቀት በአንኮበር ምን እንደሚመዝን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሰውዬውን ለመመዘን የነበረው መንገድ በእጁ የሚወጣውን ሥራ ማየት ብቻ ነበር። ኢልግ ተለማማጅ ሆኖ ባያድግ ኖሮ በዚያ ፈተና በወደቀ ነበር።

በጫማው ትእዛዝ ውስጥ ሌላም ነገር ነበረበት። በጊዜው ቆዳ የሚሠራ ፋቂ፣ ብረት የሚመታ ቀጥቃጭ፣ ሸማ የሚሠራ ሸማኔ ይባል ነበር፤ ስሞቹም የሥራ ስም መሆናቸው ቀርቶ ስድብ ነበሩ። ማረሻና ሳንጃ የሚያወጣውን ሰው ሰዎች ቡዳ ነው ብለው ይፈሩታል፤ ከእርሱ ጋር ለመጋባትም ሆነ ርስት ለማካፈል አይፈቅዱም ነበር። ስለዚህ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ በጥቂት ቤተሰብ ውስጥ ተዘግቶ ኖረ። ጨዋ ተብሎ የሚጠራ ቤተሰብ ልጁን ለሞርሳና ለወናፍ የሚሰጥበት ምክንያት አልነበረውም። አንድ ነጭ ብረት ሠራተኛ በንጉሥ ፊት ቆሞ በእጁ ሥራ መከበሩ በዚያ ኅብረተሰብ ዘንድ እንግዳ ነገር ነበር፤ እርሱ የተከበረበት ሥራ ግን ለአገሩ ብረት ሠራተኛ ያንኑ ክብር ቶሎ አላመጣለትም።

ኢልግ ቀስ በቀስ አማርኛ ለመደ፤ የንጉሡን እምነትም አተረፈ። በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ። ቤት ሠራ፤ መንገድ አወጣ። ዕቃ ያስመጣ፣ ይነግድም ነበር። ግጥም ትቶ በሐረር ነጋዴ ከሆነው ከፈረንሳዊው አርተር ሬምቦ ጋር እ.ኤ.አ. እስከ 1891 ድረስ የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች ኋላ ታትመዋል፤ ስለ ቅኔ የሚፈልግ ሰው ግመል፣ ጠመንጃና ያልተከፈለ ዕዳ ያገኝባቸዋል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ የኢልግም ሥራ ከድልድይና ከቤት አልፎ እየሰፋ ሄደ። በ1886 ዓ.ም. በምኒልክ መልክ የተቀረጸው ብር በፓሪስ ሲመታ ጉዳዩን ካስፈጸሙት አንዱ እርሱ ነበር።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለዚህ መጽሔት አንባቢ የሚጥመው ግን በ1880ዎቹ ውስጥ የተዘረጋው የግቢው ቧንቧ ነው። የምኒልክ ግቢ በኮረብታ ላይ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ የተነሣው ውኃ ወደ ሸለቆው ወርዶ እንደገና ወደ ኮረብታው መውጣት ነበረበት። ውኃ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ መደነቁ ይነገራል። ምሥጢሩ ግን ቀላል ነው፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ ሌላው ጫፉ ከምንጩ ዝቅ እስካለ ድረስ በራሱ ክብደት ተገፍቶ ይወጣል። አስቸጋሪው ሒሳቡ ሳይሆን ሸለቆው ነው። በየአሥር ሜትሩ ጥልቀት ወደ አንድ አትሞስፌር የሚጠጋ ግፊት ስለሚጨመር፣ ከሁሉ የበለጠ የሚጨነቀው ከታች ያለው መጋጠሚያ ነው። ያ መጋጠሚያ በአንድ ሠራተኛ እጅ ደካማ ሆኖ ከታሰረ ንጉሠ ነገሥቱም ቢሆኑ ውኃ አያገኙም። የኤሌክትሪክ ሙያ የሚያስተምሩ መምህራን ቮልቴጅን በውኃ ግፊት መስለው ያስረዳሉ፤ ምሳሌው እስከ መጨረሻው ይሠራል። ጭነት ሲበዛ አስቀድሞ የሚግለውና የሚቃጠለው በደንብ ያልጠበቀው የሽቦ ማያያዣ ነው። ሰሚት እንደ ምኒልክ ግቢ ከራስጌው ተራራ የለውም፤ ስለዚህ ውኃው በሞተር ይገፋል። መጋጠሚያውን የሚያጠብቅ የታመነ እጅ ማስፈለጉ ግን አልተለወጠም።

ኢልግ ይህን እጅ ከየት አመጣው? ዋና ዋናዎቹን ከአገሩና ከሌላው አውሮፓ አስመጣ፤ የቀሩትን ከሥራው ላይ አሳደገ። በየሥራው ቦታ አብረው የዋሉ ኢትዮጵያውያን አይተው፣ ይዘው፣ ተሳስተው ለመዱ። ይህ ዓይነቱ ትምህርት ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም፤ ዛሬ በከተማችን ካሉት የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ብዙዎቹ የተማሩት ከአንድ ነባር ሠራተኛ ኋላ መሣሪያ እየተሸከሙ ነው። ጉድለቱ ለመዝገብና ለፈተና አለመመቸቱ ነው። ማን ምን እንደሚያውቅ አይታወቅም፤ ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ ያልተነገረው ሠራተኛም መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር እንደገና ጀማሪ ይሆናል። ስታር ዴልታን በሽቦው ቀለም ብቻ የሸመደደ ሰው ቀለሙ የተለየ እንደሆነ መያዣ ያጣል።

ወጣቶችን ወደ ውጭ ልኮ የማስተማር ሙከራም በኢልግ እጅ አልፏል። በ1886 ዓ.ም. ኢልግ ወደ አውሮፓ ሲሄድ ሦስት ኢትዮጵያውያን፣ የራስ ዳርጌ ልጅ ጉግሣ ዳርጌ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ቅጣው ዘአማኑኤል፣ ለትምህርት ወደ ስዊስ ተላኩ። አፈወርቅ ቀደም ብሎ በኢጣልያ የሥዕል ትምህርት የቀመሰ ሰው ነበር። የዓድዋ ጦርነት ሲቀርብ ግን ሦስቱ በኢጣልያኖች ተባብለው ወደ እነርሱ ኮበለሉ። ለምኒልክ ይህ ከጦርነቱ ዋዜማ የመጣ መሪር ነገር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ ተማሪ ወደ ውጭ ለመላክ መቸገራቸው አለምክንያት አይመስልም። አፈወርቅ ኋላ ጦቢያ የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ሥነ ጽሑፉ ተጠቅሟል። የዓድዋ ድል ከተገኘ በኋላ የመጣው የስልክ፣ የባቡርና የመብራት ዘመን ግን በዚያ መንገድ የሠለጠነ ሠራተኛ ሳይዝ ጀመረ።

ከዓድዋ በኋላ ያሉት ዓመታት ኢልግን ከሞርሳው አርቀው በጠረጴዛ አስቀመጡት። በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ተብሎ ተሾመ። ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከኢጣልያ የሚመጡ መልእክተኞች ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፉ ነበር። ከዙሪክ ፋኒ ጋቲከር የተባለችውን አግብቶ በአዲስ አበባ ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር። ይህን የሕይወቱን ክፍል የዲፕሎማሲ ታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው ስላተቱት እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ባቡሩ ግን ሊታለፍ አይችልም። በመጋቢት ወር 1886 ዓ.ም. ምኒልክ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረርና በእንጦጦ በኩል እስከ ነጭ ዐባይ ሊደርስ የታሰበ የባቡር ሐዲድ የመሥራት ፈቃድ ለኢልግ ሰጡ። ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፤ በጅቡቲ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀመረ። በበረሃው ውስጥ ድንጋይ የሚፈነቅለው፣ ሐዲድ የሚያነጥፈው፣ በየመንገዱ ከሚደርሰው አደጋ ጋር የሚታገለው ሠራተኛ ብዙ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ሳይበቃ ቀረ። ኩባንያው ገንዘብ ፍለጋ ወደ ፈረንሳይ መንግሥት በተጠጋ ቁጥር ሐዲዱ ከንግድ ወደ ፖለቲካ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1902 ኩባንያውና የፈረንሳይ መንግሥት ያደረጉት ውል ምኒልክን እጅግ አስቆጣ፤ ያላማከሯቸው የባዕድ መንግሥት በአገራቸው ሐዲድ ላይ ባለሥልጣን ሊሆን ነበርና። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐዲዱ ዛሬ ድሬ ዳዋ በተባለችው ሥፍራ ደረሰ፤ ከዚያም ሥራው ለዓመታት ተገታ።

ድሬ ዳዋ የኢልግ ሕይወት ባላሰበው መንገድ ፍሬ ያፈራባት ቦታ ናት። ባቡር ያለ ጥገና ቤት አይሄድም። ሎኮሞቲቩ በየጊዜው ይፈታል፤ ቦይለሩ ይጠረጋል፤ ያለቀው ነሐስ ይቀለጣል፤ ጎማው በተሽከርካሪ መቁረጫ ላይ ይስተካከላል። ስለዚህ ኩባንያው በድሬ ዳዋ ትልቅ ጥገና ቤት ከፈተ፤ በዚያም ከየብሔረሰቡ የመጡ ወጣቶች ብረት መሞረድን፣ ማቅለጥን፣ መበየድን፣ ኋላም የኤሌክትሪክ ሥራን ተማሩ። ማስተማር የኩባንያው ዓላማ አልነበረም፤ ዓላማው ባቡሩን ማስኬድ ነበር። ሆኖም በኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ልጅ ገብቶ በደረጃ አድጎ የመኪና ባለሙያ ሆኖ ከሚወጣባቸው የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ያ ጥገና ቤት ሆነ። ቀጥቃጭ የሚለው ስድብ ደመወዝ፣ የሥራ ልብስና የፈረንሳይኛ ቃላት በያዘው የድሬ ዳዋ ሠራተኛ ፊት ኃይሉ እየቀነሰ ሄደ።

የባቡሩ ጣጣ የኢልግንና የምኒልክን ወዳጅነት አቀዘቀዘው። ከአውሮፓ ኃያላን መካከል አንዱን ያስደሰተ ምክር ሌላውን ያስቆጣ ነበር፤ በንጉሠ ነገሥቱም ዙሪያ አዳዲስ አማካሪዎች ተነሥተው ነበር። ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ አገሩ ሄደ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ለቀቀ። በኢትዮጵያ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ኖሯል። ኩባንያውም በዚያው ሰሞን ከሰረ፤ ሐዲዱን የጨረሰው ሌላ ኩባንያ ነው። ኢልግ እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን 1916 በዙሪክ ሞተ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.፣ እርሱ ከሞተ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ነበር። ለሃያ ዓመት የደከመለትን ፉጨት በዋና ከተማዋ ሳይሰማው ቀረ።

ኢልግ ያልሠራውን ነገር በእርሱ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ የሙያ ትምህርት ቤት አለመከፈቱ ግን እውነት ነው። ተለማማጅ ሆኖ ያደገው ሰው፣ እንዴት እንደሚሠለጠን ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው ሰው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ የነበረውን ጆሮ ለባቡርና ለብር ሲጠቀምበት ለሙያ ቤት አልተጠቀመበትም። ምናልባት ልጁን የሚሰጥ ወላጅ እንደማይገኝ ያውቅ ይሆናል። ምናልባትም የግቢው ትእዛዝ ፋታ አልሰጠው ይሆናል፤ ዛሬ የሚደርሰውን ሥራ በተዘጋጀ እጅ ማድረስ፣ በአምስት ዓመት የሚደርስ ሠራተኛ ከማሠልጠን ሁልጊዜ ይቀልላል። ይህ ፈተና ከኢልግ በኋላ በመጡት የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆችም ላይ ደርሷል።

እርሱ በሄደ ማግሥት ሁለት ነገሮች ሆኑ። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ከግብፅ የመጡት መምህራን በዋናነት ያስተማሩት ቋንቋና ሒሳብ ነበር። በዚያው ዓመት የእጅ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ በአዋጅ አስነገሩ። የአዋጁ መንፈስ ለጊዜው እጅግ የቀደመ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱን የረጅም ጊዜ ሐሳብም ያሳያል። ነገር ግን ክብሩ በአዋጅ፣ ትምህርቱ በትምህርት ቤት ለየብቻ ቆሙ፤ ተማሪው ጸሐፊና አስተርጓሚ ለመሆን ተማረ፤ ብረት ሠራተኛው በአዋጅ ቢጠበቅም ከትምህርት ቤቱ ደጅ ውጭ ቀረ። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በግቢው መብራት የታየው ኤሌክትሪክ በ1904 ዓ.ም. በአቃቂ ወንዝ ላይ ከተተከለው ጣቢያ እየመነጨ ለከተማይቱ ጥቃቅን ፋብሪካዎች መድረስ ሲጀምር፣ ጀኔሬተሩንና ሞተሩን የሚጠብቀው ባለሙያ የውጭ አገር ሰው ነበር።

የሙያው ትምህርት ቤት የመጣው ከዘገየ በኋላ ነው። በአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ በ1934 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኤሌክትሪክን ከሙያዎቹ አንዱ አድርጎ ጀመረ። መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ሲቋቋም የሚያስፈልገው የመስመርና የጣቢያ ሠራተኛ ብዛት ከትምህርት ቤቶቹ አቅም በላይ ስለነበር ራሱም እንደ ድሬ ዳዋው ጥገና ቤት ሠራተኞቹን በሥራ ላይ ማሠልጠን ነበረበት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኢትዮጵያ በጀርመን እርዳታ የሙያ ሥልጠናዋን ስታደራጅ፣ ሠልጣኙ ጊዜውን በትምህርት ቤትና በድርጅት መካከል የሚከፍልበት የትብብር ሥልጠና ተያዘ። ሰባ እጅ ተግባር፣ ሠላሳ እጅ ንድፈ ሐሳብ የሚለው ድልድል፣ በመጨረሻም በባለሙያ ፊት በሥራ የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ ፈተና፣ ኢልግ በልጅነቱ በፍራውንፌልድ ካለፈበት መንገድ የቅርብ ዘመድ ነው። መሐንዲሱ በ1871 ዓ.ም. በእጁ ይዞት የመጣው ሥልጠና በደንብ ተጽፎ ሥርዓት ሆኖ የገባው ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ሥርዓቱ በወረቀት ላይ እንዳለው በየቦታው ይሠራል ማለት አይደለም። በትብብር ሥልጠና ስም ወደ ድርጅት የተላከ ተማሪ ሰሌዳው ሲከፈት ከኋላ ቆሞ ባትሪ መብራት ይዞ የሚውልበት ጊዜ ብዙ ነው። የድርጅቱ ኃላፊ ሞተሩን በተማሪ እጅ ለማስነካት ይፈራል፤ ፍርሃቱም የሚገባ ነው፤ አንድ ፓምፕ ለአንድ ሳምንት ቢቆም የሚጎዳውን ያውቃል። ያልነካ ተማሪ ግን ነገ ሠራተኛ ሆኖ ሲገባ የመጀመሪያውን ስሕተት የሚሠራው በዚያው ፓምፕ ላይ ነው።

ከሰሚት በስተሰሜን፣ በሲኤምሲ ጎዳና ላይ፣ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ወደ አያት ይሄዳል። የሚሳበው ከላይ በተዘረጋ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫና በጥገና እጥረት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቆሙ። የሰሚትና የሲኤምሲ ነዋሪ በየጣቢያው ለረጅም ጊዜ ሲጠብቅ የቆየው ኃይል ስለጠፋ ብቻ አልነበረም። ኢልግ የጀመረው የጅቡቲ መስመርም አርጅቶ ከቆመ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በአዲስና ኤሌክትሪክ በሚስበው መስመር ተተክቷል። ሎኮሞቲቮቹ 25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ከሽቦው እየተቀበሉ ድሮ እንጨትና ከሰል ሲጎተትበት የነበረውን በረሃ ያቋርጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መስመሩን ያስኬዱና ይጠግኑ የነበሩት የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ከጎናቸው እየሠሩ ይለምዱ ነበር። ሥራውና ጥገናው ወደ ሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች የተላለፈው በ2016 ዓ.ም. ነው።